ጅማ ላይ «የማይሰበር» እየተባለ በትእዛዝ የሚሠራ የመኪና የፊት ፕላስቲክ፦ ቀብድ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

መኪና በእጃችሁ የምትሠሩ ወጣቶች፣ የባጃጃችሁን ፊት በራሳችሁ ቅርጽ የምታስቀይሩ፣ መስታወቱ ገበያ ላይ ለጠፋ አሮጌ መኪና ፕላስቲክ ለማስቀረጽ ያሰባችሁ የጅማ ሰዎች፦ «ፖሊካርቦኔት ነው፣ በመዶሻ ብትመቱት አይሰበርም» ተብሎ ለእኛ የተሸጠው አክሪሊክ ነበር። ሁለቱም እንደ መስታወት የሚያሳዩ ጠንካራ ፕላስቲኮች ናቸው፤ አክሪሊክ ግን ይሰበራል፤ ስባሪውም ስለታም ነው። ሌላ ሰው ፊቱ ላይ እንዳይደርስ ነው ይህን የምጽፈው።

የእህቴ ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በሞተር ሳይክል ሞተር የምትሄድ ባለ ሁለት ወንበር መኪና እየሠራ ነው። ሻሲዋ በካሬ ብረት ተበይዷል፣ ኮፈኗና ፓራፋንጎዋ በፋይበር ግላስ ወጥቷል። የልጆቹ ሥራ ንጹሕ ነው። የቀራቸው የፊቱ መስታወት፣ የመብራቶቹ ሽፋንና የዳሽቦርዱ ክዳን ነበር። ይህን እቀርጻለሁ የሚል ሰው ከተማችን ውስጥ ተገኘ። ጉዳዩ በአቤቱታ ላይ ስለሆነ ስሙንም ቤቱንም አልጠራም። አሠራሩን ግን እነግራችኋለሁ፤ የትም ሊገጥማችሁ ይችላልና።

መጀመሪያ የዋጋውን ግማሽ በቀብድ ወሰደ። ቀጥሎ ዕቃው ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሙሉ ሒሳብ ሲገባ ነው አለና ቀሪውን በማናውቀው ሰው የባንክ ሒሳብ አስገባን። ደረሰኝ ስንጠይቅ «ሲያልቅ» ነበር መልሱ። ለፎርማው፣ ማለትም ፕላስቲኩ ሞቆ ቅርጽ ለሚይዝበት ቅርጽ ማውጫ፣ ለብቻው አስከፈለን፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ፎርማውን አልሰጥም አለ። ይህኛው በጣም አሳዝኖኛል። የእንጨት ፎርማ ለጅማ ሰው የሚያስቸግር ነገር አይደለም፤ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ የሚፈለፍሉ እጆች እዚሁ አሉ። ፎርማውን ራሳችሁ አሠርታችሁ ይዛችሁ ብትሄዱ ንብረቱ የእናንተ ነው፤ ፕላስቲኩ ቢበላሽ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ ማስቀረጽ ትችላላችሁ።

ዕቃው ሲመጣ ጥርት ያለ፣ የሚያምር ነበር። የገጠመው የሻጩ ሠራተኛ ነው። በትራፓኖ ልክ በብሎኑ ውፍረት በስቶ፣ ያለ ጎማ አጥብቆ አሠረው፤ ሲጨርስ በቲነር ወለወለው። ብዙም ሳይቆይ ከብሎኖቹ ዙሪያ ፀጉር የመሳሰሉ ስንጥቆች ወጡ። ልጆቹ መኪናዋን በአጋሮ መንገድ ሲሞክሯት ደግሞ ከፊታቸው የነበረ ኢሱዙ ጠጠር አስፈነጠረና የፊቱ ፕላስቲክ ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገባ። የእህቴ ልጅ ቅንድቡ ላይ ተሰፍቷል። ዓይኑ ተርፏል፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ሻጩ «ጋሼ፣ እናንተ አወዛውዛችሁት ነው፤ አንዴ የተቆረጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝ። የገጠመው የራሱ ሰው መሆኑን ሳስታውሰው ስልኩን ዘጋ።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። አክሪሊክና ፖሊካርቦኔት በዓይን አይለዩም። በክብደትም ያው ናቸው ማለት ይቻላል፤ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ሁለቱም 3.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። በላዩ የተለጠፈው ላስቲክ «ሌክሳን» ወይም «ማክሮሎን» የሚል የፖሊካርቦኔት የንግድ ስም ቢጻፍበትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ ላስቲክ ይላጣል፣ ሌላ ላይ ይለጠፋል። የሚለያቸው ስታጥፏቸው ነው። ከዚያው ከእናንተ ዕቃ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ አስቆርጡ፤ «ናሙና» ብሎ ከመሳቢያ የሚያወጣውን አትቀበሉ። ቁራጩን በሞርሳ አስይዛችሁ፣ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ እጠፉት። ፖሊካርቦኔት እንደ ቆርቆሮ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም። አክሪሊክ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ካላመናችሁ ሜዳ ላይ ወጥታችሁ ጫፉን በእሳት ለኩሱት፤ ጢሱን ግን አትሳቡ። አክሪሊክ እሳቱን ብታነሡበትም መንደዱን ይቀጥላል፣ ጣፈጥ ያለ የፍራፍሬ ዓይነት ሽታ አለው። ፖሊካርቦኔት ጥቁር ጥቀርሻ እያወጣ ይነዳል፤ እሳቱ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጠፋል። እኛ የተረፈንን ቁራጭ ስንሞክረው ተሰበረ፤ ስንለኩሰውም ነደደ። ሙከራውን በፊታችሁ ለማድረግ የማይፈቅድ ሻጭ ዘንድ አንድ ብር አታስቀምጡ።

የመብራት ሽፋኖቹ ግን እውነተኛ ፖሊካርቦኔት ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ተበላሽተው ነው የመጡት። ውስጣቸው በጥቃቅን አረፋ ተሞልቷል፣ ብርሃኑን ይበትኑታል። ሻጩ «የፋብሪካ ችግር ነው» አለ። አይደለም። ፖሊካርቦኔት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ ሳይወጣ ለመቅረጽ ወደሚያስፈልገው 180 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ውኃ ተንኖ አረፋ ይሆናል። ስለዚህ ከመቀረጹ በፊት 120 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት መድረቅ አለበት፤ ውፍረቱ ሲጨምር ጊዜውም ይረዝማል። እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ አገር፣ በክረምት ወራት ይህን መዝለል በፍጹም አይቻልም። ለቀራጩ አንድ ጥያቄ አቅርቡለት፦ ከመቅረጽህ በፊት በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ሰዓት ታደርቃለህ? መልስ ከሌለው ዕቃችሁን ያበላሽባችኋል።

ሌላም አባባል አለ፤ «ጭረት የማይዘው ነው፣ በፈለጋችሁት ቅርጽ እናጎብጠዋለን» የሚል። ተራ ፖሊካርቦኔት በቀላሉ ይጫጫራል። ጭረት የሚከላከል ጠንካራ ሽፋን ያለው ዓይነት አለ፤ ነገር ግን ለመቀረጽ ተብሎ ካልተመረተ በስተቀር ሲሞቅና ሲጎብጥ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። የፀሐይ መከላከያውም ብዙውን ጊዜ በአንድ ፊቱ ብቻ ነው፤ የትኛው ፊት ወደ ውጭ እንደሚሆን ላስቲኩ ላይ ተጽፏል። ላስቲኩ ተልጦ ወደ እናንተ የሚመጣ ዕቃ ተገልብጦ ቢገጠም አታውቁትም፤ እየቆየ ቢጫ ይሆናል።

ለዚህ ነው ለፊት መስታወት ፕላስቲክ አታስቀርጹ የምለው። የዝናብ መጥረጊያ ተራ ፖሊካርቦኔት ላይ ጭቃና አቧራ ይዞ ሲመላለስ ይጫጭረዋል፤ ማታ የሚመጣ መኪና ሲያበራባችሁ መንገዱ አይታያችሁም። መኪናውን በራሳችሁ ንድፍ የምትሠሩ ከሆነ የፊቱን ክፈፍ ከመጀመሪያው ዝርግ አድርጋችሁ ንደፉት፤ በመካከሉ ላስቲክ ያለውን ሁለት ንብርብር መስታወት ባለሙያ በልኩ ይቆርጥላችኋል። አንድ ንብርብር የሆነው ቴምፐርድ መስታወት ግን አንዴ ከጠነከረ በኋላ አይቆረጥም፤ ቢሞከር ብትንትን ይላል። ፕላስቲኩን ለጎን፣ ለኋላና ለመብራት ሽፋን ተጠቀሙበት፤ እዚያ ጥሩ ነው።

አገጣጠሙንም አትናቁት። የአንድ ሜትር ፖሊካርቦኔት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲለዋወጥ ርዝመቱ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ይለዋወጣል፤ አክሪሊክም እንደዚያው። ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ብሎ፣ ከሥሩ ለስላሳ ጎማ ኖሮት፣ ሳይጠብቅ መታሰር አለበት። ቲነር፣ አሴቶን፣ ቤንዚን አይንካው፤ በውጥረት ላይ ያለ ፕላስቲክ በእነዚህ ሲነካ ይሰነጣጠቃል። ለብ ያለ ውኃና ሳሙና ይበቃዋል።

ስለ ገንዘቡ፦ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህን መብት ለመጠየቅ ግን ወረቀት ያስፈልጋል። ደረሰኙ ወይም ውሉ ላይ «ፕላስቲክ» ብቻ አታስጽፉ። «ፖሊካርቦኔት» የሚለው ስም፣ ውፍረቱ በሚሊ ሜትር፣ ፎርማው የማን እንደሆነና ዕቃው ሌላ ሆኖ ቢገኝ ገንዘቡ እንደሚመለስ ይጻፍ። ቀሪው ክፍያ ቁራጩ ታጥፎ ከታየ በኋላ ይሁን። ክፍያውም በንግድ ፈቃዱ ባለቤት ስም በተከፈተ ሒሳብ ብቻ ይግባ።

እኛ ለንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ አስገብተናል፤ ስባሪውን፣ የባንክ ማስተላለፊያውንና የተጻጻፍነውን መልእክት አያይዘናል። ከዚህ ዓይነት ሻጭ ገዝታችሁ ዕቃው ያላችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ የብሎኖቹን ዙሪያ በባትሪ እያበራችሁ ተመልከቱ። ስንጥቅ ካያችሁ ፕላስቲኩ እስኪቀየር ድረስ መኪናውን ወይም ባጃጁን አታንቀሳቅሱ፤ ተሳፋሪም አትጫኑ። ዕቃውንም አትጣሉት፣ ማስረጃ ነው። አቤቱታችሁን ከእኛው ጋር ማቅረብ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ አብረን እንሄዳለን።