ጉልበት አስቀይሮ አገር ቤት ማገገም፦ ፊዚዮቴራፒስቱ፣ ፍል ውሃው፣ ወጌሻው እና የቻይና መርፌው ሲመዘኑ

አሜሪካ ጉልበቱን አስቀይሮ ለማገገም አዲስ አበባ የገባ ሰው ሻንጣውን ሳይፈታ ምክር ይዘንብበታል። አንዱ ፍል ውሃ ይላል፣ ሌላው ወጌሻ፣ ሦስተኛው ጠበል፣ የጎረቤት ልጅ ደግሞ የቻይና መርፌ። አብዛኞቹ መጥፎ አይደሉም። ችግሩ ሕመም ማስታገስና ጉልበት ማሠራት አንድ ተደርገው መታየታቸው ነው። የተቀየረን ጉልበት የሚያጥፈውና የሚዘረጋው በየቀኑ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው፤ ሌላው ሁሉ ለእንቅስቃሴው አጋዥ ነው። ስለዚህ እዚህ እያንዳንዱን አገልግሎት የመዘንኩት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ከዚያ ሲወጡ እንቅስቃሴውን የተሻለ ያሠራል ወይስ አያሠራም?

መቼ እንደሚመጡ ከቀዶ ሐኪምዎ ጋር ይወስኑ። ብዙዎቹ ለረጅም በረራ እስከ 3 ወር መቆየትን ይመክራሉ፤ በእግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ ከፍ የሚለው በዚያ ጊዜ ነው፣ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ደግሞ 13 ሰዓት ገደማ መቀመጥ አለ። ዊልቸር ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ያስመዝግቡ። የመተላለፊያ ዳር ወንበር ሲመርጡ የተቀየረው እግር በመተላለፊያው በኩል እንዲውል ያድርጉ። በአየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ጉልበትዎ የብረት መፈተሻውን ሊያስጮኸው ይችላል፤ የሐኪም ካርድ ቢያሳዩም በእጅ መፈተሽ አይቀርም፣ ሱሪው ሰፊ ቢሆን ይሻላል።

ገንዘብ ቢወጣበት ከሁሉ በላይ የሚያዋጣው የቤት ለቤት ፊዚዮቴራፒ ነው። ጥሩ ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን ይታወቃል፦ ጎኒዮሜትር (የመገጣጠሚያ ማዕዘን መለኪያ) ይዞ ይመጣል፣ ጀርባ ላይ አስተኝቶ ማዕዘኑን ይለካል፣ ይጽፋል። ከማጠፍ በፊት ደግሞ መዘርጋቱን ያያል። ቤተሰብ ሁሉ «ስንት አጠፍክ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው፤ እውነቱ ግን 10 ዲግሪ ማጠፍ ከቀረበት ጉልበት ይልቅ 10 ዲግሪ መዘርጋት የቀረበት የበለጠ ያስቸግራል። ያልተዘረጋ ጉልበት ያነክሳል፣ የጭን ጡንቻን በቆሙ ቁጥር ያደክማል፣ ወገብንም ያሳምማል። ለመራመድ 70 ዲግሪ ገደማ ማጠፍ ይበቃል፣ ለደረጃ 90 እና ከዚያ በላይ፣ ከዝቅተኛ ወንበር ለመነሳት 105 ገደማ ያስፈልጋል።

የመዘርጋቱ ልምምድ ቀላል ነው፣ ያማል እንጂ። የተጠቀለለ ፎጣ ከተረከዝ ሥር ይደረግና ጉልበቱ በአየር ላይ እንዲንጠለጠል ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይተዋል፤ ከዚያ የጭንን ጡንቻ አጥብቆ ጉልበቱን ወደ ፍራሹ መጫን፣ 5 ሰከንድ ይዞ መልቀቅ፣ 10 ጊዜ። ለማጠፍ ደግሞ ነጠላ በእግር መዳፍ ዙሪያ አድርገው በሁለት እጅ እየሳቡ ተረከዙን ወደ መቀመጫ ማንሸራተት፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። ይህንን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ የፍቅር ሥራ አለ፦ እናት ወይም እህት መጥታ ትራስ ከጉልበት ሥር ትሸጉጣለች። ደስ ይላል፣ ሕመሙም ይቀላል፤ ግን ጉልበቱ ታጥፎ እንዲደርቅ ያደርገዋል። ትራሱ ከተረከዝና ከባት ሥር ይሁን።

ከእንቅስቃሴ በኋላ በረዶ ያስፈልጋል፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ፍሪጅ ባለበት ቤት ከሱቅ ጄል መግዛት አያስፈልግም፤ ሁለት ትንንሽ የሃይላንድ ጠርሙሶች ውሃ ሞልተው አቀዝቅዘው፣ በፎጣ ጠቅልለው ከግራና ከቀኝ ማስደገፍ ነው። መብራት ቢጠፋም ቶሎ አይቀልጡም።

አንድ ስሙን የማልጠቅሰው ክሊኒክ በአንጻሩ ግማሽ ሰዓት የማሞቂያ መብራትና የኤሌክትሪክ ማሽን አድርጎ፣ ጉልበቱን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይለካ ሸኘ። እንዲህ ዓይነቱ ቦታ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይበላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ጠባሳው ከውስጥ የሚጠነክርባቸው ናቸው፤ በዚያ ጊዜ ያልታጠፈ ጉልበት ኋላ በሆስፒታል በማደንዘዣ መታጠፍ ሊያስፈልገው ይችላል።

ወደ ፍል ውሃ ስንመጣ፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ያወረዳቸው ሙቅ ውሃ እስካሁን ስሙን አላጣም። ለደረቀ ጡንቻና ለክፉ እንቅልፍ ጥሩ ነው። ነገር ግን ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ፣ ቅርፊቱም ሳይረግፍ ገንዳ ውስጥ አይገባም፤ ይህም ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ በኪኒን ብቻ አይወጣም፣ ዳግም ቀዶ ጥገና ሊያመጣ ይችላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ጉልበቱ አብጦና ግሎ ከሆነ ሙቀት እብጠቱን ያባብሰዋል፤ ያን ቀን ይዝለሉት። ውሃው ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሆን፣ ቆይታውም ከ20 ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል። ሲወጡ ራስ ስለሚያዞር ጫፍ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ። በየትኛውም ፍል ውሃ ቤት ዋናው አደጋ በሳሙና የሚያንሸራትተው ሰድር ነው፦ የጎማ ነጠላ ጫማ፣ ደጋፊ ሰው፣ ካለም መያዣ ያለው ክፍል። ጥልቅ ገንዳ ውስጥ ገብቶ ለመውጣት ጉልበቱ በደንብ ካልታጠፈ ሻወሩን ይምረጡ።

እኔ ብጠየቅ ግን ከፍል ውሃ ቤት ገንዳ ይልቅ የሶደሬን መዋኛ እመርጣለሁ፤ ከአዳማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወገብ የሚደርስ ውሃ ውስጥ የሰውነት ክብደት በግማሽ ያህል ይቀላል፣ ስለዚህ ያለ ከዘራ ሳያነክሱ መራመድን መለማመድ ይቻላል። ወደፊት 10 እርምጃ፣ ወደኋላ 10፣ ከዚያ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ቀስ ብሎ ቁጢጥ ማለት። ጦጣዎቹ ከከዘራ ይልቅ የምግብ ፌስታል ስለሚወዱ ዕቃ አትተዉ፣ በዚህ ጉልበት ማባረር አይታሰብም።

ወጌሻ ጋ መሄድ ከሁሉ የሚያከራክር ነው። በእጃቸው የተካኑ አሉ፣ ጭንና ወገብ ላይ የሚያደርጉት እሽታ ይረዳል። ግን የተቀየረ ጉልበት ውልቃት አይደለም፤ ውስጡ ብረትና ፕላስቲክ ነው፣ በኃይል ሲታጠፍ ጅማት ሊቀደድ ወይም አጥንት ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው «ጉልበቱን አትንኩ፣ አታጥፉ፣ አትሰሩ» ማለት ያስፈልጋል። ባት ላይ ሕመም ወይም እብጠት ካለ እሽታ ጭራሽ አይታሰብም፤ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጠባሳውን ግን ከ6 ሳምንት በኋላ፣ ቁስሉ ከዳነ፣ በራስ አውራ ጣት በክብ መልክ በቀን 5 ደቂቃ ማሸት ቆዳው ከጉልበት ሎሚው ላይ እንዳይጣበቅ ያግዛል። የወይራ ዘይት ይበቃል፣ ቅቤ ልብስ ከማበላሸት ሌላ ጥቅም የለውም።

የቻይና መርፌው (አኩፓንክቸር) ለሕመምና ለእንቅልፍ ረድቷል፣ ለማጠፍ ግን አልጨመረም። መርፌው ከታሸገ ወረቀቱ ፊትዎ ወጥቶ አንዴ የሚጣል መሆኑን ይዩ፣ ቀጥታ መገጣጠሚያው ውስጥም አያስገቡት። ዋግምት በምላጭ እየበጡ የሚደረገው ደግሞ በዚህ ሁኔታ የሚመከር አይደለም፤ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደሙ አልቆም ይላል፣ ቆዳ በተከፈተ ቁጥርም ባክቴሪያ መግቢያ ያገኛል። ጠበል መረጨቱ ምንም አይልም፤ ጉዳቱ የሚመጣው በጭቃማው ወይም በድንጋያማው ቁልቁለት ላይ ነው። ስግደትም ሰላትም በወንበር ይሆናል፣ የንስሐ አባትንም ሆነ ሼኹን ቀድሞ ማማከር ነው። መንበርከክ ለተቀየረ ጉልበት ከሕመሙ የተነሳ ከባድ ነው፣ አይሰብረውም ግን።

ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ በምግብ መጠን ችግር የላቸውም። በማንኪያ እየለኩ በዘይትና በዱቄት መልክ መውሰድ ግን፣ በተለይ እንደ ዋርፋሪን፣ ሪቫሮክሳባን ወይም አፒክሳባን ያለ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ፣ የመድማት አደጋ ይጨምራል። በጾም ወቅት ፕሮቲን እንዳይቀንስ ሽሮ፣ ምስርና ሱፍ ያብዙ።

ፋርማሲ ላይ ሁለት ነገር ይታሰብ። የዲክሎፌናክ (የሕመም ማስታገሻ) መርፌ እንደ ዋዛ ይሰጣል፤ ከደም ማቅጠኛ ጋር ጨጓራን ሊያደማ ይችላል። ጉልበቱ ቢግል፣ ቢቀላ ወይም መግል ቢያወጣ ደግሞ ፋርማሲው የሰጠውን አንቲባዮቲክ አይጀምሩ፤ መጀመሪያ ሆስፒታል ሄደው ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተቀድቶ ይመርመር። ቀድሞ የተወሰደ አንቲባዮቲክ የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ማወቅ ያከብዳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር የተለመደ ነው፤ በእረፍት ላይ ቢያጥርና ደረት ቢወጋ ግን ያው ሆስፒታል ነው።

ስለ መኖሪያው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ሊፍት የሌለበት ቤት ቢሰጥዎ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይለምኑና ምድር ቤት ያግኙ። ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቅደም፣ ሲወርዱ የተቀየረው ይቅደም፤ ከዘራው ከጤነኛው እግር ጎን ባለው እጅ ይያዝ። ቡና ሲፈላ ዱካው ላይ አይቀመጡ፣ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ያስመጡ፣ ማንም አይቀየምም።

ከመመለስዎ በፊት ፊዚዮቴራፒስቱ በየጊዜው የለካቸውን የመዘርጋትና የማጠፍ ዲግሪዎች፣ የሰጠውን ልምምድና የወሰዱትን መድኃኒት በአንድ ወረቀት ጽፎ ይስጥዎ። አሜሪካ ያለው ባለሙያ በአማርኛ ቢጻፍም ቁጥሩን ያነበዋል።