የጠረጴዛ መጋዝ ጋይድ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰሞኑን በቴሌግራም እየተሸጠ ያለ አንድ ጋይድ (እንጨቱ ተደግፎበት ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ ከመጋዙ ዲስክ ጎን የሚታሰር ብረት) አለ። ከቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እና ከአንጎላሬ (ባለ ማዕዘን ብረት) ተበይዶ፣ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ሜትር ተለጥፎበት ይመጣል። «ለማንኛውም የጠረጴዛ መጋዝ ይሆናል» ይላል ሻጩ። 9,000 ብር ነው፤ ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ታስገባላችሁ፣ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ። ፎቶው ያምራል። እባካችሁ አትግዙት።

ጎረቤቴ ገዝቶት ነው ያየሁት። ቁምሳጥን ይሠራል። ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ሰሌዳ) ሲቆርጥ አንዱ ጫፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ እየሆነ፣ ጠርዙም እየተቃጠለ አስቸገረው። አብረን ለካነው። ጋይዱ ሲታሰር ከዲስኩ ያለው ርቀት ከፊት 100 ሚሊ ነው፣ ከኋላ 98። ፈታነውና መልሰን አሰርነው። አሁን ከኋላ 101 ሆነ። በታሰረ ቁጥር ሌላ ልክ!

ችግሩ ያለው የጋይዱ ራስ ላይ ነው። ከጠረጴዛው ፊት ያለውን ሐዲድ የሚይዘው ይህ ብረት አንድ መዳፍ አይሞላም፣ ጋይዱ ግን 80 ሳንቲ ይረዝማል። እዚያ ራስ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ካለ፣ ጫፉ ላይ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ብየዳው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ብረት በአንድ ወገን ከተበየደ ሲቀዘቅዝ ወደዚያው ይሳባል። ቀለሙ ይህን ይሸፍነዋል። ስኳድራ (የማዕዘን መለኪያ) ስናስጠጋበት ግን በሥሩ ብርሃን አለፈ።

የተበላሸ ኤምዲኤፍ ይተካል። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው። 10 ኢንች ዲስክ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር፣ ጥርሱ በሰዓት ወደ 190 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የኋላዎቹ ጥርሶች ከታች ወደ ላይ ነው የሚወጡት። ጋይዱ ከኋላ ወደ ዲስኩ ከጠበበ እንጨቱ መሃል ላይ ይጣበቃል። ጥርሶቹ ያነሱትና ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ሲወረወር የሚገፋውን እጅ ወደ ዲስኩ ይዞ ሊሄድ ይችላል። ከዲስኩ ኋላ የሚቆመው መለያያ ብረት ይህን ለመከላከል ነው የተሠራው፤ እሱን ነቅሎ የሚሠራ ሰው ደግሞ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ይህን ጋይድ ማሰር ጣት ያሳጣል።

ከሌላ ሰውም ብትገዙ ማሽን ላይ ታስሮ ሳታዩ አትክፈሉ። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀሉ። ዲስኩ ላይ አንድ ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጉ። ከዚያ ጥርስ እስከ ጠረጴዛው ቦይ (ከዲስኩ ጎን ጠረጴዛው ላይ የተቆፈረው ቀጥ ያለ መስመር) ከፊት ለኩ፤ ዲስኩን አዙራችሁ ያንኑ ጥርስ ከኋላ ለኩ። እኩል ካልሆነ ጥፋቱ የማሽኑ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ቀጥሎ ከቦዩ እስከ ጋይዱ በሁለቱም ጫፍ ለኩ። ፍቱ፣ እሰሩ፣ እንደገና ለኩ። ቁጥሩ ከተለዋወጠ ተመለሱ። የኋላ ጫፉን በአውራ ጣት ስትገፉት መንቀሳቀስ የለበትም። ከኋላ በጥቂቱ ቢሰፋ ችግር የለውም፣ መጥበብ ግን ፈጽሞ የለበትም።

ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ከዚህ የተሻለ ይወጣችኋል። ቱቦላሬውን ሱቁ ውስጥ ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አስጠግታችሁ፣ ቀጥ ያለውን ምረጡ። ራሱን ረዘም አድርጉት፣ ቢያንስ 30 ሳንቲ። ራሱንና ጋይዱን አትበይዱ፤ በብሎንና በዳዶ እሰሩ። የብሎኑ ቀዳዳ ሞላላ ይሁን፣ በኋላ ማስተካከል እንድትችሉ። ፊቱን 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ አልብሱት፤ ሲጎዳ ይቀየራል። እስከዚያ ድረስ ቀጥ ያለ ጣውላ በሁለቱም ጫፍ በሞርሳ አጥብቆ ማሰር ይበቃል። መለካት ያሰለቻል እንጂ ካሰራችሁት አይንቀሳቀስም።

ጎረቤቴ ገንዘቡን ሲጠይቅ «ብረት ነው፣ አይመለስም» አሉት። ደረሰኝ አልሰጡትም ነበር። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ዕቃው ላይ ጉድለት ያገኘ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። ስለዚህ አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ ቀኑ ሳያልፍ ጠይቁ። የቴሌብር መልእክቱን አታጥፉ፣ ሻጩ የጻፈላችሁንም ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ጋይዱንም ከማሽኑ ላይ ዛሬውኑ አውርዱት።