ከቦሌ ዋሽንግተን፦ ቀጥታው፣ በፍራንክፈርት ወይስ በዱባይ?

እዚህ ለገጣፎ ጎረቤቴ የሆኑ እናት ዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ነው። ቪዛው ተመቷል። ልጅቷ ሦስት ዓይነት ቲኬት በስልክ ላከችላቸውና "የቱ ይቀርባል?" አሉኝ። መልሱ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ በአጭሩ የአየር መስመር 11,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ በማስመሪያ አትለኩት። ምድር ክብ ስለሆነች ያሳስታችኋል። ሉል ላይ ክር ወጥራችሁ ብትይዙ ክሩ ወደ ሰሜን ምዕራብ ተነስቶ፣ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ ስፔንን ይነካል። ለዚህ ነው ፍራንክፈርት ከመንገዱ ብዙ የማትርቀው። ከቦሌ ፍራንክፈርት 5,350 ሲደመር ከዚያ ዋሽንግተን 6,550፣ ጭማሪው 350 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። በዱባይ ግን መጀመሪያ 2,500 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሄዳችሁ ከዚያ 11,350 ትመለሳላችሁ። ትርፉ 2,300 ነው።

ሰዓቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ማስሊያዎች ርቀቱን ለፍጥነት አካፍለው "13 ሰዓት" ይሏችኋል። ለመልስ ጉዞ ልክ ናቸው፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። ለመሄጃው አይሠራም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። አውሮፕላኑ ሰው ሞልቶ ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ "ቀጥታ" የሚባለውም መሃል ላይ ወርዶ ነዳጅ ይቀዳል፤ ጠቅላላው 16 ወይም 17 ሰዓት ይሆናል። መንገደኛው አብዛኛውን ጊዜ ከወንበሩ አይነሳም።

በፍራንክፈርት አየር ላይ የምትቆዩት 16 ሰዓት ተኩል ያህል ነው፣ በዱባይ ደግሞ 18 ያልፋል። ሁለቱም ላይ የትራንዚት ጥበቃውን ደምሩ። 3 ሰዓት ደህና ነው፤ 11 ሰዓት ከሆነ ርካሽነቱ ምግብና ድካም ላይ ያልቃል። በፍራንክፈርት ለማለፍ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል። የጸና የአሜሪካ ቪዛ ካለው ግን አያስፈልገውም።

ቲኬቱ ላይ ያለው መነሻና መድረሻ የየአገሩ ሰዓት ነው። ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ቀናንሳችሁ "አጭር ነው" እንዳትሉ። ደግሞ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። "ማክሰኞ 00:15" ማለት በእኛ ከሌሊቱ 6፡15 ነው፤ ከቤት የምትወጡት ሰኞ ማታ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ በዚህ ተሸውጄ ዘመዴን በማግስቱ ልሸኝ ተነስቼ አውቃለሁ። ሰውየው ደርሷል።

ወጣት ከሆናችሁ፣ ሻንጣችሁ ቀላል ከሆነና የዋጋው ልዩነት የሚያስቆጭ ከሆነ ዱባይን አልቃወምም፤ በአንድ ቲኬት መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ለየብቻ የተገዙ ሁለት ቲኬቶች ከሆኑ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው አይጠብቃችሁም። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው፣ እንግሊዝኛ ለማይሞክሩ እናት ግን ከቀጥታው ሌላ አልመክርም፣ ቢወደድም።

ጎረቤቴም ቀጥታውን ገዙ። አሁን ጭቅጭቁ ስንት ኪሎ በርበሬ ይገባል የሚለው ላይ ነው።