ውጅግራው ልክ ነው፣ ጾሙ ተረስቷል፦ የወጣቱ አርበኛ ልብ ወለድ ሲገመገም

ይህ ለወጣቶች የተጻፈ ታሪካዊ ልብ ወለድ ጣሊያንን ለመዋጋት ከጎጃም ቢቸና ወጥቶ ጫካ የገባ የ15 ዓመት ልጅን ከ1930 እስከ 1933 ዓ.ም. ይከተላል። ጥንካሬው ልጁን ወዲያው ጀግና አለማድረጉ ነው። መጀመሪያ በሶና ቆሎ ተሸክሞ በቅሎ ይነዳል፤ ቀጥሎ ጋሻ ጃግሬ ሆኖ የአለቃውን ጠመንጃ ይይዛል። የራሱን የሚያገኘው ማርኮ ነው፣ እሱም ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ።

የውጅግራው ምዕራፍ ተደጋግሞ ቢነበብ አይሰለችም። ውጅግራ የተባለው የድሮ ጠመንጃ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ነው፤ በተተኮሰ ቁጥር መቀርቀሪያውን ከፍቶ፣ ቀለሁን (ባዶውን የጥይት ቀፎ) አውጥቶ ሌላ ማጉረስ ግድ ይላል። ጥይቱ በጥቁር ባሩድ የተሞላ ከሆነ ደግሞ ጭሱ ተኳሹን ያሳብቃል። ስለዚህ ልጁ ተኩሶ ወዲያው ቦታ መቀየር ይማራል፤ ቀለሁን ሳያነሳ ግን አይሄድም፣ ዳግም ባሩድና እርሳስ ይሞላበታላ! ትኩሱ ቀለህ ጣቱን እየለበለበው በጋቢው ጫፍ ቋጥሮት ሲሮጥ፣ ፍርሃቱም ብስለቱም አንድ ላይ ይታያሉ።

እንዲህ የተጠነቀቀ ደራሲ መጨረሻው ላይ መዘናጋቱ ያስቆጫል። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ድንበር ያለችው ኦሜድላ፣ መጋቢት 28 ደብረ ማርቆስ መግባታቸው በትክክል ተጽፏል። በዚያው ዕለት ግን አርበኞቹ አደባባይ ላይ ቁርጥ ሲበሉ እናነባለን። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር፤ መጋቢት 28 ሁዳዴ ነው። ጫካ ውስጥ ተቸግሮ የገደፈ አይጠፋም፤ ከተማ ገብቶ ካህናት ፊት ሥጋ መቁረጥ ግን የማይታሰብ ነው። የተጫነችው በቅሎም ከደምበጫ ደብረ ማርቆስ፣ ወደ 50 ኪሎ ሜትር፣ በአንድ ሌሊት ትደርሳለች። ጭነት ላላት በቅሎ የሁለት ቀን መንገድ ነው።

የጎጃሙ አርበኛ መሪ በላይ ዘለቀ ከሩቅ ብቻ መታየቱ ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ልጁን አይውጠውም። ታሪኩ በ1933 ስለሚያበቃ ግን ወጣቱ አንባቢ በላይ በ1937 አዲስ አበባ ላይ መሰቀሉን ሳያውቅ መጽሐፉን ይዘጋል። በሚቀጥለው እትም ከድል በኋላ የሆነውን የሚያስረዳ ሁለት ገጽ ቢጨመር መልካም ነው።

ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁስለኞቹ የሞሉበት ምዕራፍ ይከብዳል። መጽሐፉ ካርታ ስለሌለው ቢቸናን፣ ጮቄንና ደምበጫን የሚያሳይ የጎጃም ካርታ አጠገብ አድርጎ ማንበብ ጉዞውን ያቀላል።