የግብ መከታተያ ሶፍትዌር ልትገዙ ያሰባችሁ ድርጅቶች፣ ውሉን ሳታገላብጡ አትፈርሙ

የቀለምና የሕንፃ ማጠናቀቂያ ዕቃዎችን በሚያከፋፍል የአዲስ አበባ ድርጅት ውስጥ የዕቅድና ክትትል ኃላፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው የማውቃቸው ሁለት ድርጅቶች እኛ የገባንበትን ዓይነት ውል ሊፈርሙ መሆኑን ሰሞኑን ስለሰማሁ ነው። ሥራ አስኪያጆቹን በስልክ ነግሬአቸዋለሁ። ሌሎችም በዚያው መንገድ ላይ እንዳሉ ስለማምን ታሪኩን ከነቁጥሩ አስቀምጠዋለሁ።

ሻጩ ወኪል የመጣው በጥር 2016 ዓ.ም. ነበር። የድርጅቱ ግብ ከላይ፣ የየክፍሉ ግብ ከሥሩ፣ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ግብ ደግሞ ከዚያ በታች እንደ ዛፍ ሥር በመስመር ተያይዞ በስክሪን አሳየን። «ክፍሎቻችሁ አንድ ልብ ይሆናሉ» አለ። የሽያጭና የፋይናንስ ክፍሎቻችን በዱቤ ጉዳይ ለዓመታት ሲነታረኩ ስለኖሩ ይህን መስማት ናፍቀን ነበር። በየካቲት ፈረምን።

ዋጋው ለአንድ ሰው በወር 9 ዶላር ነው፤ ሲሰሙት ትንሽ ነው። ነገር ግን ውሉ ከ100 ተጠቃሚ በታች አይቀበልም። እኛ በጠቅላላው 90 ሠራተኞች ነን፤ ከእነዚህም ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩት 38 ብቻ ናቸው። የመጋዘን ሠራተኞችና ሾፌሮች የኢሜይል አድራሻ እንኳን የላቸውም። እንግዲህ 38 ሰው ለሚጠቀምበት ነገር የ100 ሰው ዋጋ፣ በዓመት 10,800 ዶላር ተቆረጠብን። ክፍያው ደረሰኝ በሚቆረጥበት ዕለት ባለው የባንክ ምንዛሪ በብር ይፈጸማል ይላል። በዚያን ጊዜ አንድ ዶላር ከ56 ብር ጥቂት ይበልጥ ስለነበር ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 610 ሺህ ብር ገደማ ከፈልን።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ። በጥር 2017 ዓ.ም. የሁለተኛው ዓመት የክፍያ ጥያቄ ሲደርሰን ሒሳቡ ከ1 ሚሊዮን 350 ሺህ ብር በልጦ ነበር። አንፈልግም ብለን ጻፍን። መልሳቸው አንድ አንቀጽ ነበር፤ ውሉ ከማለቁ ከ60 ቀን በፊት በጽሑፍ ካላሳወቃችሁ በራሱ ይታደሳል የሚል። አንቀጹ ፊርማችን ካለበት ገጽ ቀደም ብሎ ባለው ገጽ ላይ ነው። ማናችንም አላነበብነውም። የሕግ ባለሙያችን ካገላበጠው በኋላ መክፈል እንዳለብን ነገረን፤ ከፈልን።

ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ያገኘነው ምንድን ነው? የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን የዘመን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛ ሩብ ዓመት መስከረም 30 ሲያልቅ የእርሱ የሚያልቀው መስከረም 20 ነው። በእነዚያ አሥር ቀናት የሽያጭ ክፍሉ ግቡን እንዳልመታ ተደርጎ በቀይ ይታያል፤ በዓመቱ መጀመሪያ እንደገና መንቀሳቀስ የሚጀምረው ገበያ የሚደራው ደግሞ በእነዚሁ ቀናት ነው። እንዲስተካከል በተደጋጋሚ ጠየቅን። «ለዋናው ኩባንያ አሳውቀናል» ከማለት ያለፈ መልስ አላገኘንም።

ከሁሉ የባሰውን ያየሁት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ የተለቀቀው ሥዕል ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ነበር። የፋይናንስ ኃላፊያችን ምንም ሳይናገሩ አንድ ወፍራም ፋይል ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፤ ያልተሰበሰበ የዱቤ ሽያጭ ሰነድ ነው። «ግድግዳው ሞልቷል፤ ካዝናው ግን ባዶ ነው» አሉ። ነገሩን ስንመረምር የሽያጭ ክፍል ግብ «የሚሸጠውን መጠን ማሳደግ» ስለነበር ባለሙያዎቹ ለጠየቀ ሁሉ በዱቤ እየሰጡ ግባቸውን መትተዋል። የፋይናንስ ክፍል ግብ «ለባለዕዳዎች ሁሉ የማስታወሻ ደብዳቤ መላክ» ነበር፤ ደብዳቤው በሙሉ ተልኳል። ስለዚህ እርሱም አረንጓዴ ነው። ሁለቱ እርስ በርስ እየተጎተቱ ሶፍትዌሩ በመስመር አያይዞ ሁለቱንም አመሰገናቸው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራችሁ የቢኤስሲን፣ ማለትም የሥራ ውጤት መመዘኛውን፣ ቅጽ በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን መሙላት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ እኛም በብዙ ሺህ ዶላር እዚያው ተመለስን።

ችግሩን የፈታነው በዚያው ሳምንት፣ ግማሽ ቀን ተቀምጠን በአንድ ወረቀት ነው። ሽያጭ የሚቆጠረው ገንዘቡ ባንክ ሲገባ ነው ብለን ተስማማን። ከ45 ቀን በላይ ያልተከፈለ ዱቤ ከሽያጭ ክፍሉ ውጤት ላይ ይቀነሳል። ወረቀቱን ሁለቱም ኃላፊዎች ፈረሙበት፤ በሁለቱም ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ኦኬአር የሚባለውን፣ ግብንና ግቡ የሚለካበትን ውጤት አብሮ የማስቀመጥ አሠራር፣ አንዲ ግሮቭ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በቺፕ አምራቹ ኢንቴል ሲጀምረውም፣ ባለሀብቱ ጆን ዶር እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ጎግል ሲወስደውም ዋናው ጉዳይ ሰዎች ቁጭ ብለው ጥቂት ግቦችን መምረጣቸው ነበር።

ወኪሉ የግብ ውጤትን ከጉርሻ ጋር እንድናያይዝም መክሮን ነበር። ይህን ምክር በፍጹም አትቀበሉ። በጎግል አሠራር ከግቡ 70 በመቶ ማሳካት ጥሩ ውጤት ነው የሚባለው ግቡ ሆን ተብሎ ከፍ ተደርጎ ስለሚታቀድ ነው። ጉርሻ ሲታሰርበት ሰው ሁሉ በቀላሉ የሚዘልለውን ዝቅተኛ አጥር ያበጃል። የእኛ ሠራተኞችም በሁለተኛው ሩብ ዓመት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አልፈርድባቸውም።

መረጃችሁ በምን መልክ እንደሚመለስላችሁም ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ አስመልሱ። እኛ የሁለት ዓመት መረጃችንን ስንጠይቅ የተሰጠን በፒዲኤፍ ስለነበር አንዲት ባልደረባዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ወደ ኤክሴል በእጇ ስትገለብጥ ከረመች። ሻጩ ትልቅ ስለሆነ አያሰጋም አትበሉ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2021 የገዛውን ይህንኑ ዓይነት አገልግሎት ቪቫ ጎልስ ብሎ ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 መጨረሻ ዘግቶታል።

ሶፍትዌር ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ክፍሎቹ መጀመሪያ ከተስማሙ ማስታወሻ ለመያዝ ይጠቅማል፤ ለዚያ ግን ብዙ ጊዜ ኤክሴል ይበቃል። የግድ መግዛት ካለባችሁ ዋጋው በብር ይቆረጥ፣ የተጠቃሚው ቁጥር በትክክል የሚሠሩበትን ሰዎች ያህል ይሁን፣ በራሱ የሚታደስ የሚለው አንቀጽም ይሰረዝ። እኛ የማቋረጫ ደብዳቤያችንን በኅዳር 2018 ዓ.ም. በእጅ ወስደን በሻጩ መዝገብ ቤት አስገብተን ቀሪው ላይ ማኅተም አስመትተናል። ውላችሁ የካቲት 1 የሚታደስ ከሆነ 60ው ቀን የሚቆጠረው ከታኅሣሥ 1 ጀምሮ ነው፤ ደብዳቤው ከዚያ በፊት መግባት አለበት።