ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ደጅ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች፦ ለሥራ ቦታ ትንኮሳና አድልዎ አቤቱታ ይሆናሉ?

ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአለቃው ጋር የተካሰሰ የፋብሪካ ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ጠበቃ ጋ ሳይሆን ፍርድ ቤት ደጅ ኮምፒውተርና ማተሚያ ዘርግተው የተቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች ጋ ነው። ቅርብ ናቸው፤ ቀጠሮ አያስይዙም፤ ከፈረቃ የወጣ ሰው ገብቶ አጽፎ በዚያው ቀን መዝገብ ቤት ማስገባት ይችላል። ለመሬት፣ ለውርስና ለቀለብ ጉዳይ እጃቸው የታወቀ ነው። እዚህ የምንገመግመው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሠራተኛዋ የመጣችው በትንኮሳ ወይም በአድልዎ ምክንያት ከሆነ አገልግሎቱ ይበቃታል ወይ? ለጽሕፈቱ ይበቃል። ለምክሩ አይበቃም፤ ከነጭራሹ የሚጎዳበት ጊዜም አለ።

ከጥሩው እንጀምር። ቅርጹን ያውቁታል። የከሳሽና የተከሳሽ አድራሻ፣ በተራ ቁጥር የተዘረዘረ ፍሬ ነገር፣ የዳኝነት ጥያቄ፣ የማስረጃ ዝርዝር፣ በመጨረሻም በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የሚጻፈው ማረጋገጫና ፊርማ ሁሉም በየቦታው ይገባል። በቅርጽ ጉድለት ምክንያት መዝገብ ቤት የሚመልሰው ጽሑፍ ከእነሱ እጅ እምብዛም አይወጣም። ቅጂም አይረሱም፦ አንድ ለፍርድ ቤቱ፣ ለእያንዳንዱ ተከሳሽ አንድ አንድ፣ አንዱ ደግሞ ገቢ የሆነበት ቀንና ማኅተም አርፎበት ባለጉዳዩ እጅ የሚቀር።

ችግሩ የሚጀምረው ከዋጋው ነው። ሒሳቡ በገጽ ከሆነ ጽሑፉ መርዘሙ አይቀርም። ግማሽ ገጽ “እኔ ምስኪን ሠራተኛ”፣ ግማሽ ገጽ “ክብሬና ሞራሌ ተነክቶ” ይሞላና ዳኛው የሚፈልገው ቀን የትም አይገኝም። እንዲህ ያለ ጉዳይ ሁለት ገጽ ይበቃዋል። ከመጀመሩ በፊት ለሙሉ ሥራው፣ ቅጂዎቹን ጨምሮ፣ አንድ ዋጋ መስማማት ይሻላል።

ትልቁ ድክመት ግን አጻጻፉ ላይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ትርጉም ወሲባዊ ትንኮሳ ማለት በንግግር፣ በምልክት ወይም በሌላ መንገድ አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲተባበር መገፋፋት ነው፤ ኃይል ወይም የኃይል ሙከራ ሲጨመርበት ወሲባዊ ጥቃት ይባላል። ስለዚህ አቤቱታው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ ምን እንደተባለ ወይም እንደተደረገ፣ ፈቃድ እንዳልነበረ፣ የት እና መቼ እንደሆነ። ራፖር ጸሐፊው ግን ለጨዋነት ብሎ “አላስፈላጊ ንግግር ተናገረኝ” ብሎ ያልፈዋል። “አላስፈላጊ ንግግር” ስድብም ይሆናል፣ ቀልድም ይሆናል፤ ተከሳሽም ቀልድ ነበር ብሎ ይመልሳል። የሚሠራው አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ “ኅዳር 12 ቀን በማታው ፈረቃ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ ዕቃ ግምጃ ቤቱ በር ላይ እንዲህ ብሎ ጠየቀኝ” ተብሎ ቃሉ እንዳለ ይሰፍራል፤ “አልፈልግም አልኩት፤ በማግሥቱ ከማሽን አንስቶ ጽዳት ላይ መደበኝ” ይከተላል። ቃሉ ያሳፍራል፤ ግን ያለ እሱ ክሱ ባዶ ነው።

እዚህ ላይ ቦታው ራሱ እንቅፋት ይሆናል። ወረፋ የያዘ ባለጉዳይ ከጀርባ ቆሞ እየሰማ የትኛዋ ሴት ያንን ቃል ጮክ ብላ ታስጽፋለች? መፍትሔው ቤት ውስጥ በራስ እጅ ጽፎ መምጣትና ጸሐፊውን “እንዳለ ገልብጥልኝ” ማለት ነው። ፋይሉን በፍላሽ ወስዶ ከኮምፒውተሩ እንዲጠፋ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ብዙዎቹ ያለፈውን ደንበኛ ጽሑፍ ለአዲሱ መነሻ አድርገው ይጠቀማሉ። በዚህ ልማድ የሌላ ሰው ስም ወይም ቀን ሾልኮ ሊቀር ስለሚችል ከመፈረም በፊት እያንዳንዱን ቁጥር በጣት እየተከተሉ ማንበብ ግድ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሥራ መልቀቂያው ነው። የተተነኮሰች ሠራተኛ መጥታ “ልልቀቅ ነው፣ መልቀቂያ ጻፍልኝ” ስትል ጸሐፊው ያለውን ናሙና ያወጣል፦ “በግል ጉዳይ ምክንያት በራሴ ፈቃድ”። ይህች አንዲት መስመር ገንዘቡን ሁሉ ይዛ ትሄዳለች። አዋጁ በአንቀጽ 32 አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ትንኮሳ ወይም ጥቃት የፈጸመበት ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ ቅድመ ሁኔታው ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጹ ነው። ይህ መብት ደግሞ በአንቀጽ 33 መሠረት ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተሠራበት ይቀራል።

በቁጥር እንየው። የቀን ደመወዟ 150 ብር የሆነ፣ 3 ዓመት ያገለገለች ሠራተኛ በትንኮሳ ምክንያት በአግባቡ ከለቀቀች በአንቀጽ 41 የቀን ደመወዟ 90 እጥፍ፣ ማለትም 13,500 ብር ካሳ ይገባታል። የስንብት ክፍያዋ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ 4,500 ብር፣ ለቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት የዚሁ ሲሶ እየተጨመረ 3,000፣ በድምሩ 7,500 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 21,000 ብር ይሆናሉ። “በግል ጉዳይ” ብላ ከፈረመች ግን ከቀረው ደመወዟና ካልወሰደችው የዓመት ፈቃድ ክፍያ በቀር የሚተርፋት የለም። መልቀቂያ ሲጠየቅ “ለምን ትለቂያለሽ?” ብሎ የሚጠይቅ ጸሐፊ ካጋጠመ ያ ሰው ጥሩ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ትቶ በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ መለየት ይቻላል።

ሱፐርቫይዘር የሚባለው ሰው ሁልጊዜ በሕጉ ቋንቋ የሥራ መሪ አይደለም። የሥራ መሪ የሚባለው የመቅጠር፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ዓይነት ሥልጣን ያለው ነው፤ የላይን (የምርት መስመር) ኃላፊ ይህ ላይኖረው ይችላል፣ ተከሳሹም ይህንን ቀዳዳ ያውቀዋል። ስለዚህ ትንኮሳው ከላይን ኃላፊ ወይም ከባልደረባ ከመጣ ለድርጅቱ የሰው ሀብት ክፍል በጽሑፍ ማሳወቅ፣ ቅጂው ላይም የተቀበለውን ሰው ፊርማና ቀን ማስደረግ ያስፈልጋል። አልቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ (በአደራ) ፖስታ ይላካል፤ ደረሰኙ ማስረጃ ነው። ከዚያ በኋላ አሠሪው “አልሰማሁም” ማለት አይችልም። ራፖር ጸሐፊዎቹ ይህን ደብዳቤ ጻፉ ቢባሉ ይጽፋሉ፤ ራሳቸው ግን አያነሡትም።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስሕተት፦ የሥራ ክርክር ክሱ ላይ አለቃውን በስሙ ተከሳሽ ማድረግ። ካሳውን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፤ ስለዚህ ተከሳሹ በንግድ ፈቃዱ ላይ ባለው ሙሉ ስሙ የተጠራ ድርጅት መሆን አለበት። ሰውየው በግሉ የሚጠየቅበት መንገድ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 625 አሠሪነቱን ወይም ሥልጣኑን ተጠቅሞ ከሴት ላይ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ የብልግና ድርጊት ያገኘን ሰው በቀላል እስራት ይቀጣል፤ ግን የሚያስቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ነው፣ አቤቱታው ደግሞ ድርጊቱ ወይም አድራጊው ከታወቀ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሁለቱን መንገድ በአንድ ወረቀት ማደባለቅ ሁለቱንም ያዳክማል።

አድልዎ ሲሆን ጽሑፉ ማወዳደሪያ ይፈልጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንቀጽ 14 በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በኤችአይቪ፣ በአካል ጉዳትና በመሰል ምክንያት በሠራተኞች መካከል ማዳላትን ይከለክላል፤ “አዳሉብኝ” ማለት ብቻ ግን አያስረዳም። በተመሳሳይ የሥራ መደብ ላይ ያለ ሰው፣ የተቀጠረበት ዓመት፣ የሚከፈለው ወይም ያገኘው ዕድገት ይጠቀስ፤ ዝርዝሩ በድርጅቱ እጅ ከሆነ ፍርድ ቤቱ የደመወዝ መክፈያ ሰነዱን እንዲያስቀርብለት በአቤቱታው ይጠየቅ። ለአካል ጉዳተኛ ይህ ሸክም ይቀላል፦ በአዋጅ ቁጥር 568/2000 መሠረት አድልዎውን የሚያመለክት ሁኔታ ከጠቀሰ የማስረዳቱ ግዴታ ወደ አሠሪው ይዞራል። ይህን አዋጅ ያላነሣ ጸሐፊ ለአካል ጉዳተኛው ደንበኛ ግማሹን ሥራ አልሠራለትም። ነፍሰ ጡር ስትባረር የሚጠቀሰው የአዋጅ 1156 አንቀጽ 87 ነው፤ በእርግዝና ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ከእርግዝናዋ ጋር በተያያዘ ምክንያት ማሰናበት አይቻልም።

የዳኝነት ጥያቄው ላይ ደግሞ ሁሉንም የመጻፍ ልማድ አለ፦ ወደ ሥራ ልመለስ፣ ካሳ፣ ስንብት፣ የሞራል ጉዳት። ራሷ በአንቀጽ 32 የለቀቀች ሴት ወደ ሥራ መልሱኝ ብትል ክርክሩ እርስ በርሱ ይጋጫል። በአሠሪው ላይ አቤቱታ ስላቀረበች፣ የሠራተኛ ማኅበር ስለገባች ወይም ስለፀነሰች የተባረረች ግን በአንቀጽ 26(2) እና 43 የመጀመሪያ ጥያቄዋ ወደ ሥራ መመለስና ውዝፍ ደመወዝ ነው፤ ውዝፉ በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ከ6 ወር አይበልጥም። መመለስ ካልፈለገች ከስንብቱ ሌላ የቀን ደመወዟ 180 እጥፍ አለ፤ በላይኛው ስሌት 27,000 ብር። ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ከተባረረችበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልገባ በይርጋ፣ ማለትም የክስ ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል። “ሽማግሌ ይግባበት” እየተባለ ስንት ጉዳይ እዚህ ላይ እንደሚቀር የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይጠየቅ። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን ጊዜው ሳያልፍ ይግባ።

ማስረጃን በተመለከተ አንድ ነገር በጥብቅ፦ የቴሌግራም ወይም የስልክ መልእክት ራፖር ጸሐፊው በድጋሚ እንዲጽፈው አይደረግም። የላኪው ስልክ ቁጥር፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበት የስክሪን ፎቶ ታትሞ ይያያዛል፤ ስልኩም መልእክቱ ሳይጠፋ ይቆያል። ለምስክሮች ሙሉ ስም፣ አድራሻና ምን እንደሚያስረዱ ይጻፋል። ባልደረባ ለመመስከር ሲፈራ አንቀጽ 26(2)ን ማሳየት ይጠቅማል፤ በክስ ሂደት መሳተፍ የማባረሪያ ምክንያት አይሆንም።

ሌሎቹ አማራጮችስ? የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ በነጻ ያስማማል፤ በጽሑፍ የቀረበለት አቤቱታ ይርጋውን ያቋርጣል፣ ይህም ጊዜ ለጠበበበት ትልቅ ነገር ነው። በቃል ብቻ የቀረበ አቤቱታ ግን ለማስረዳት ያስቸግራል። የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ለአቅመ ደካማ ምርጡ ነው፤ ጉዳዩን ከመነሻው ይጠይቃሉ፤ ቀርፋፋ ሊሆኑ ስለሚችሉ በመጨረሻው ሳምንት የሚኬድባቸው አይደሉም። የግል ጠበቃ ጉዳዩ ውስብስብ ሲሆን ያዋጣል፤ የጥብቅና ክፍያ ውሉ በጽሑፍ ይሁን።

ሠራተኛ የሥራ ክርክር ክስ ለመክፈት የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ “የቴምብር” እያለ ጸሐፊው የሚጨምረው ሒሳብ ካለ ምንነቱ ይጠየቅ። ጉዳዩ የሚታየው ሥራው ባለበት ወረዳ ፍርድ ቤት ስለሆነ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ መጓዝ ለይግባኝ ካልሆነ አያስፈልግም። ሥራ ክርክር ችሎቱ በ60 ቀን እንዲወስን አዋጁ ያዛል፤ ይግባኙ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ የሥራ መሪና የቤት ሠራተኛ ግን በዚህ አዋጅ አይዳኙም፤ መንገዳቸው ሌላ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ሳይጠይቅ 1156ን መጥቀስ ከጀመረ ገንዘብ ሳይከፍሉ መነሣት ነው።