ማድያት ያወጡት መጋገሪያዎቼ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለእንቁጣጣሽ ድፎ ልደፋ ብዬ መርካቶ ወርጄ ሁለት መጋገሪያ ገዛሁ። አንዱ ምንም ልባጥ የሌለው ክብ የአሉሚኒየም ትሪ ነው። ሌላው የላሜራ ብረት የኬክ ፎርም፣ ጥቁር፣ ከበድ ያለ። አሁን ግንቦት ነው። በሳምንት ሁለቴ ኦቨን ይገባሉ፣ መብራት ካለ ማለቴ ነው።

ሁለቱም ማድያት አውጥተዋል። በተለይ አሉሚኒየሙ፣ ጠርዙ ቡናማ፣ መሃሉ ዝንጉርጉር። መጀመሪያ ሰሞን እንግዳ ሲመጣ እደብቀው ነበር። ሽቦ ይዤ ክንዴ እስኪዝል ፈተግኩት፣ ወይ ፍንክች። ለካ ያ ቡናማ ነገር ዘይት ነው፣ ሙቀት ሲደጋገምበት እንደ ቫርኒሽ ደርቆ ብረቱ ላይ የቀረ። ፈሳሽ ሳሙና የማይበግረው ለዚህ ነው።

ከዛ ሁሉም የሚያወራለትን ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ደባልቄ አፈሰስኩበት። አረፋው ደስ ይላል፣ ግን ሁለቱ እርስ በርስ ይጠፋፉና የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ነው። እልህ ይዞኝ ሶዳውን ብቻ በፍል ውሃ በጥብጬ አሳደርኩበት። ጠዋት ትሪው ጠቁሮ አመድ መስሏል! አሉሚኒየም ከሶዳ ጋር ሲቆይ እንደዚህ ነው የሚሆነው። እናቴ ድስቶቿን በአመድ ነው የምታጥበው፣ አመድም ከሶዳው ወገን ነው፣ ግን እሷ ፈትጋ ወዲያው ታለቀልቃለች እንጂ አታሳድርም። ያዳነኝ ሎሚ ነው። የተጨመቀ ልጣጩን ከውሃ ጋር ትሪው ላይ አድርጌ ምድጃ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አንተከተክሁት፣ ጥቁረቱ ለቀቀ። ቡናማው ግን አሁንም ቦታው ነው፣ እኔም ትቼዋለሁ።

ጥቁሩ ፎርም ሌላ ጠባይ አለው። አንዴ ውሃ ውስጥ ነክሬ ረሳሁት፣ በማግስቱ ዛገ። ዝገቱን በሽቦ አንስቼ፣ አጥቤ፣ በደንብ አድርቄ፣ ስስ ዘይት ቀባሁትና ኦቨን ውስጥ 200 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት አቆየሁት። አሁን ኬኩ ሳይዝ ይወጣል። እሱ ላይ ማድያቱ ካባው ነው፣ ሎሚ አላስነካውም። ብቻ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ቶሎ ይስባል፣ ከስር እያረረብኝ 180 የሚለውን ወደ 165 አወረድኩት።

አሁን ከመፈተጌ በፊት በጣቴ እዳስሳለሁ። ለስላሳ ከሆነ ቆሻሻ አይደለም። ከያዘኝ ወይም ከሸተተኝ ግን ያልለቀቀ ቅባት አለ ማለት ነው፣ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና ግማሽ ሰዓት እዘፈዝፈዋለሁ፣ ጥቁሩን ደግሞ ወዲያው አደርቀዋለሁ። ለድፎ ኮባ አነጥፋለሁ፣ ትሪው እንደገባ ነው የሚወጣው። ኮባ ካልተገኘ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ሽታው ይቀራል እንጂ ያው ነው።

አሉሚኒየሙ ላይ ቅሬታ አለኝ። ስስ ነው። ኦቨን ውስጥ «ቋ» ብሎ ይጣመማል፣ እኔም ትኩሱን ቀዝቃዛ ውሃ ስር እያስገባሁ አባብሼዋለሁ። መሃሉ ጎብጦ ዘይቱ ወደ ዳር ይሸሻል፣ ጠርዙ ላይ ማድያቱ የበዛውም ለዚህ ነው። ጥቁሩን ደግሜ እገዛዋለሁ። አሉሚኒየም ግን ወፈር ያለውን ነው የምፈልገው። ሻጩ በጣቱ ኳ አድርጎ ሲያሳየኝ ያ ቆርቆሮ ድምፅ ሊነግረኝ ይገባ ነበር።